ውሻና ደባሉ

አንድ ልብስ ሰፊ ውሻውን አስከትሎ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚከራይ ቤት ቢፈልግ፣ ሁሉም «ውሻ አናስገባም» እያሉ መለሱት። ክረምቱ ደርሶ ስለነበር፣ በመጨረሻ ግራዝማች ወልደየስ ደጅ ሄደ። ግራዝማች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ውሻውን ገላመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ የማከራየው እንግዳ ለማያመጣ፣ ልብስ ለማያጥብ፣ መብራት ለማያበራ፣ ሰክሮ በር ለማያንኳኳ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ተከራይ ከተገኘ፣ ንጉሥ ይሙት፣ ቁልፉን ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ! አንተ ይሄን ትችላለህ?»

ልብስ ሰፊው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«እኔስ አልችልም፣ ጌታዬ። ውሻዬ ግን ከእነዚህ አንዱንም አድርጎ አያውቅም። ቤቱን ለእሱ ያከራዩት፤ እኔ ደባል ሆኜ እገባለሁ።»