ቀለም አልይዝ ያለው የጋሽ ይማም ወለል

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ የጭነት መኪና የሚጠግኑ ጋሽ ይማም የሚባሉ ሰው ነበሩ። እኚህ ሰው ከደንበኛም ከጎረቤትም ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉት ከጋራዣቸው ወለል ጋር ነው። ቀለም ይቀቡታል፤ ክረምት ሳይገባ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ይደግሙታል፤ መኪና ሲወጣ ቀለሙ ጎማው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይወጣል። አንድ ቀን እዚያው ወለል ላይ ዘይት አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሲድኑ ከዘራ ያዙና ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ።

«ሰለቸኝ!» አሉ። «ከእንግዲህ መኪና ስር አልገባም። ይህን ወለል ቀለም ያስያዘልኝ የጋራዡን ቁልፍ ይረከባል። ሌላው በእሱ ስር ይሠራል። በቃ!»

ትልቁ እንድሪስ ነው፤ ጉልበተኛ ነው። ሲሚንቶ የሚፍቅ ማሽን ተከራይቶ ገባ። ማሽኑ ሲጮህ ሰፈሩ ጆሮውን ያዘ። አቧራው ሲነሳ ጋሽ ይማም ከነጥቁር ካፖርታቸው ወፍጮ ቤት የዋሉ መሰሉ።

«አንተ! ከነነፍሴ ልትቀብረኝ ነው እንዴ?»

«አባባ፣ ላዩ ካልሻከረ ቀለሙ ምን ይዞ ይቁም?»

ጠጠሩ ብቅ እስኪል ፋቀው። መዳፉ ውሃ ቋጠረ።

መካከለኛው አራጋው ነው፤ ዓይነ ስል ነው። ሊቀባ ነው ሲባል ውሃ በጣሳ ይዞ መጥቶ ወለሉ ላይ አንጠባጠበ። ሌላው ቦታ ውሃውን ጠጣ። የሞተር ዘይት የሚቀየርበት ጥግ ላይ ግን ውሃው ድቡልቡል ብሎ ቁጭ አለ።

«እዚህ ውስጥ ዘይት አለ» አለ።

«ወገቤ ሲቆረጥ የት ነበርክ?» አለ እንድሪስ። «በአንድ ጣሳ ውሃ ቁልፍ ልትወስድ?»

አራጋው ጥጉ ላይ ተንበረከከ። በሳሙና ፈተገ፣ አጠበ፣ ውሃው እስኪሰርግ ደጋገመ። ጋሽ ይማም በከዘራቸው በሩን እየመቱ፣ «ወለል ነው ሙሽራ የምታጥበው?» አሉ።

ትንሿ ዘይነባ ናት። አልፋቀችም፣ አላጠበችም፤ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ መለዋወጫ ስትሸጥ ነው የከረመችው። ወለሉ ደርቆ፣ የጋራዡ ሠራተኞች ተሰብስበው የቀለሙ ጣሳ ሲከፈት፣ ጋሽ ይማም የቀረውን አቧራ ሊወለውሉ ናፍጣ ውስጥ የነከሩት ጨርቅ ይዘው መጡ። ጋራዥ ቤት እጁም፣ ብሎኑም፣ ወለሉም የሚጸዳው በናፍጣ ነው። በፊትም ከመቀባታቸው በፊት ሁልጊዜ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ወንድማማቾቹ እንደሚያበላሸው ያውቃሉ፤ ግን አባት ናቸውና አንገታቸውን ደፉ። ዘይነባ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ አይገቡም።»

«ምን አልሽ?»

«ናፍጣም ቅባት ነው፤ ቀለሙን የሚልጠው ይኸው ናፍጣዎ ነው። አይገቡም!»

«እኔን? በገዛ ጋራዤ? ሠራተኛ እያየ?»

ጨርቁን ከእጃቸው ነጥቃ መንገድ ላይ ወረወረችው። ጋሽ ይማም ከዘራቸውን አነሱ፤ ግን መልሰው መሬት ላይ ተከሉት።

ወለሉ ተቀባ። ክረምቱ አለፈ፤ ስንት ከባድ መኪና ገባበት፣ ወጣበት፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

«ባልፍቀው ምን ይዞ ይቆም ነበር?» አለ እንድሪስ።

«ዘይቱ ሳይወጣ ቢቀባስ?» አለ አራጋው።

«ናፍጣውን ባልነጥቅዎስ?» አለች ዘይነባ።

«ወላሂ ወለሉ ይሻለኝ ነበር!» አሉ ጋሽ ይማም። «እሱ ሲላጥ እንኳ አፍ የለውም!»

ቁልፉን ጨብጠው እስካሁን ተቀምጠዋል። ለለፋው ይስጡት? ያልታየውን ላየው? ወይስ አባቷን ሰው ፊት አዋርዳ ሥራውን ላዳነችው? እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?