የ«ጥቁሯ ጓንት» ምርቃት

እኛ መጽሐፍ በማሳተም የምንኖር ሰዎች፣ አንዱ ሲቸኩል ካየን የምንወረውርለት አንዲት አባባል አለችን። ሰምተው የሚስቁ ሁሉ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። አይደለችም። ስትወለድ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፤ እንዲያውም እውነቱን ካወጣሁት የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው።

ምንውየለት የሚባል አሳታሚ ነበር፣ እኔ ደግሞ አራሚው። ድርጅታችን እሱና እኔ፣ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ነበርን። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በርካሽ ወረቀት እየታተሙ በአንድ ብር ይሸጡ የነበሩትን የሌባና ፖሊስ ልብ ወለዶች እንደ ነፍሱ ይወዳል። አንድ ቀን ከመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ተራ እየሮጠ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ «ጥቁሯ ጓንት»ን አስቀመጠ። ደራሲ፦ ዘርጋው አምባዬ። ብርቄ ስለምትባል፣ ጥቁር ጓንት ሳታጠልቅ ስለማትሰርቅ፣ ፖሊስ አሳድዶ ስላልያዛት ሴት ነው የሚተርከው። እኔም በልጅነቴ ግማሹ ላይ ስደርስ ሰው ነጥቆኝ ነበርና ልቤ ዘለለ።

ባለመብቱስ አልኩት። ነጋዴዎቹን ሁሉ ጠይቋል። አንዱ በቀይ ሽብር ሞተ አለው፣ አንዱ ሱዳን በረሃ ላይ ቀረ አለው፣ ሦስተኛው ስኳር ገደለው ብሎ ማለለት። ሦስት ጊዜ የሞተን ሰው ማን ይጠራጠራል? ደግሞም ውል አለኝ ብሎ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ «መጽሐፉን ከነመብቱ ሸጬለታለሁ» ብሎ ፈርሟል፤ ጎኑ የሚቸረችሩ ሁለት ካልሲ ሻጮችም ምስክር ሆነዋል።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች ለቆሎ መጠቅለያ ሄደዋል። ምንውየለት አንተ ጨርሳት አለኝ፤ የሞተ ሰው አይቆጣም። በአንድ ሳምንት ጨረስኳት። ብርቄን ንስሐ አስገባሁና ያሳድዳት ለነበረው ሻምበል ዳርኳት። ሠርጉን ስጽፍ አልቅሻለሁ፣ አላፍርም።

ምንውየለት ያለውን ሁሉ አሟጦ አንድ ሺህ ቅጂ አሳተመ። ይህች መጽሐፍ ካልተሸጠች ድርጅቱ ይዘጋል፣ እኔም ሥራ እፈታለሁ። ለምርቃቱ ጉለሌ አንድ የእድር አዳራሽ ተከራየን። ቀኑ ሲደርስ ያላሰብነው ሕዝብ መጣ። በጎረምሳነታቸው በድብቅ ያነበቧት ሽማግሎች ከዘራቸውን ይዘው ተሰለፉ፣ በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ቆመ። ደስታ ሊያሳብደን ነበር።

ምንውየለት መድረክ ላይ ወጥቶ ለሟቹ ደራሲ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ ጠየቀ። ሁላችንም ተነሣን። ከፊት ረድፍ፣ ከእድሩ ዳኛ ከአቶ ቶሎሳ ጎን፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። ደቂቃው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ እሳቸው ግን እንደቆሙ ቀሩ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» አላቸው ምንውየለት።

«ልቀመጥ ነበር» አሉ፤ «ግን ሟቹ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተናወጠ። ያፏጨ አለ፣ ያማተበ አለ። ሽማግሌው የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው ለጎረቤታቸው ሰጡ፤ መታወቂያው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዘርጋው አምባዬ መሆናቸው ተነበበ። አቶ ቶሎሳ ጠዋት በሩ ላይ የተለጠፈውን የምርቃት ማስታወቂያ አይተው፣ ባለፈው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ሲከራከሯቸው የዋሉት ሰው ሟች መባላቸው አስደንግጧቸው፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዳመጧቸው በኋላ ነው የሰማነው።

ምንውየለት ውሃ ሆነ። ያችን ቁራጭ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ገዝቼው ነው ለማለት ሞከረ። ጋሽ ዘርጋው መነጽራቸውን አድርገው አነበቧትና መለሱለት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው የሸጠልህ ወረቀቱን ነው። ታሪኩን እንዴት ይሸጥልሃል? ስጽፍ አጠገቤ አልነበረም። ብሞት እንኳ ሃምሳ ዓመት የልጆቼ ነው ይላል ሕጉ።»

ከዚያ አንዱን ቅጂ አንሥተው ከመጨረሻው ገለጡት። እኔ እግሬ አውጪኝ ልል በሩን አየሁ፤ በሰው ተዘግቷል። አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው ቀልቷል።

«ብርቄን ለፖሊስ የዳራት ማነው?»

እጄን አወጣሁ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ተቀመጥ፣ ብዕር አውጣ አሉኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ትክክለኛውን መጨረሻ በቃላቸው ነገሩኝ። ብርቄ አንዱን ጓንት ሻምበሉ ጠረጴዛ ላይ ትታለት፣ ሌላውን እንዳጠለቀች የድሬዳዋን ባቡር ትሳፈራለች። ሻምበሉም ዕድሜ ልኩን ያቺን አንድ ጓንት በኪሱ ይዞ ይዞራል። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የኔ ሠርግ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም እንዳልሆነ ገባኝ፤ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ምንውየለት ግን አላጨበጨበም፤ ፍርዱን ይጠብቃል። ጋሽ ዘርጋው እዚያው ውል አስጻፉት። የኔ ስምንት ገጾች ወጥተው የሳቸው ይገባሉ፣ «ሟቹ» የሚለው ቃል ይፋቃል፣ ድርሻቸው ይታወቃል። እስከዚያ አንድም ቅጂ አይወጣም። አቶ ቶሎሳ በምስክርነት ፈረሙ፤ መጻሕፍቱም ከእድሩ ድስቶች ጋር ተቆለፈባቸው። ከወር በኋላ ታርመው ሲወጡ በሁለት ሳምንት አለቁ።

የዚያን ቀን ግን ሰው ሲበተን ምንውየለት እንደ መከፋት ብሎ አቶ ቶሎሳን ጠየቃቸው። መርካቶን ሙሉ ዞሮ ጠይቋል፣ ሁሉም ሞቷል ነው ያሉት፤ ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት? ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ቀብር ሲያስተናግዱ የኖሩት ሽማግሌ የአዳራሹን ቁልፍ ኪሳቸው እየከተቱ፣ «ልጄ፣ ጥሩምባ ሳይነፋ ድንኳን አይተከልም» አሉት።