ስም ያልነበረው አምስት

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ኮድ መጻፍ ነው። የጻፍሽውን ሲመልሱብሽ «ፕሮግራሙ እስከሠራ ድረስ የኮዱ አጻጻፍ ማንን ይጎዳል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እሱም እንዳንቺው ብሎ ነበርና ስሚኝ፣ ልጄ።

በትውልድ ቀዬው ጤና ጣቢያ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚይዝ፣ በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ፈቃደኞች በነፃ ይጽፉታል፣ የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያነበዋል፣ አዲስ የተጻፈው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይገመግመው አይገባም። ታዲያ ከእነዚያ ፈቃደኞች አንዳቸውም ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን አልሰሙም። ቀጠሮዋ ጳጉሜን ላይ የዋለ እናት ሕፃኗን አዝላ ያን ሁሉ መንገድ ትመጣለች፤ ነርሷ ኮምፒውተሩን ታይና «እናቴ፣ ስምሽ የለም» ብላ ትመልሳታለች። ሰውየው ይህን ሲሰማ አንጀቱ አረረ። ማስተካከያውን ጻፈ፣ ሞከረው፣ ሠራለት፣ ላከው። አዲስ ዓመት እየደረሰ ስለነበር ቶሎ እንዲቀበሉት ቋምጧል።

ሩቅ አገር ያለች አንዲት ገምጋሚ ግን ሥራውን መለሰችበት። «ኮዱ ውስጥ ያለው ይህ 13 ምንድን ነው? ይህ 5ስ? እባክዎ ለቁጥሮቹ ስም ይስጧቸው። ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣ ሰው አይገቡም» ትላለች።

ሰውየው ደሙ ፈላ። ዓመት አሥራ ሦስት ወር መሆኑን የሚጠይቅ ደግሞ ከየት መጣ፤ እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። «ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ። እናቶች እየተጉላሉ እኛ ስለ ስም እናውራ?» ብሎ ጻፈላት።

እሷ አልተቆጣችም። «ያልገባኝን ላሳልፍ አልችልም» ብቻ አለችው።

ምን ያድርግ። ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠና፣ እስቲ ለማታውቀው እናስተምራት በሚል ንቀት ስሞቹን ይጽፍ ጀመር። አሥራ ሦስቱን «በዓመት ውስጥ ያሉ ወራት» አለው። ወደ አምስቱ መጣና «በጳጉሜን ውስጥ ያሉ ቀናት፣ 5» ብሎ ጻፈ። ጣቱ እዚያው ቀረ።

ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር። የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነው።

ክው አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር እኮ ነው። ባዶ ቁጥር ሆኖ ሳለ ስንት ጊዜ በዐይኑ ሥር አልፏል፤ ስሙን ሲያወጣለት ግን ስህተቱ ፊቱ ተገተረ። በስድስተኛው ቀን የሚመጡትን እናቶች፣ ሊረዳቸው የተነሣው ራሱ «ስምሽ የለም» ሊያሰኛቸው ነበር። መጀመሪያ ፈራ። ፍርሃቱ ሲለቀው አድናቆት ያዘው። ያቺ ሴት ጳጉሜንን በስም እንኳ አታውቅም፤ ያንን ጤና ጣቢያ ዕድሜ ልኳን አታየውም። ስህተቱን ያገኘችው እሷ አይደለችም፤ ያልገባትን ጠየቀች እንጂ። ጥያቄዋ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ፣ አንዲት አራስ ደጅ ደረሰ። ማንም ማንንም የማያውቅበት ሥራ ይህን ያህል እርስ በርስ መተሳሰብ እንዳለበት እስከዚያች ሰዓት አልገባውም ነበር።

አስተካክሎ ላከላት፤ ስህተቱንም አልደበቀም። «አሁን ገባኝ፤ እንኳን ጠየቅኩ» ብላ ተቀበለችው። በጳጉሜን ስድስት ጠዋት አንዲት ሴት ሕፃኗን አዝላ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ነርሷ ኮምፒውተሩን አየችና «ግቢ፣ እናቴ» አለቻት።

እንግዲህ ልጄ፣ ሥራሽን የመለሱብሽ ሰዎች እንደዚያች ገምጋሚ ናቸው። የሚጠይቁሽ ከአንቺ በልጠው ስላወቁ አይደለም፤ አንቺ የምታውቂውን ስለማያውቁ ነው። ለእነሱ እንዲገባ አድርገሽ ስትጽፊ፣ የጻፍሽውን መጀመሪያ የምታዪው አንቺው ነሽ። አጻጻፉ ማንን ይጎዳል አልሽኝ፤ ከበር የምትመለሰውን፣ አንቺም እኔም የማናውቃትን እናት ነው።