በሁለት አውድማ መሐል የቀረው ሸራ

ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛችሁ ከቆማችሁ ባለወፍጮው ጋሽ ፈጠነ ይህችን ወሬ ሳይነግራችሁ ዱቄታችሁን አያስረክባችሁም፦ «አንለይና ጓዴ በአንድ ሸራ ተጣሉ። ያ ወደዚህ ሲጎትት፣ ያ ወደዚያ ሲጎትት፣ ጤፋቸውን ጎርፍ ወሰደው። የልጆቻቸው ሠርግ በማሽላ እንጀራ የተበላው ለዚህ ነው!» አምና ነግሮናል፤ ዘንድሮም ነግሮናል። ሞተሩ እየጮኸ ግማሹ ስለማይሰማን ደግሞ ይደግመዋል። እኔ የአንለይ ልጅ ነኝ። ፊቱ ቆሜም ለእኔው ይነግረኛል!

ተጣሉ? ምነው በተጣሉ! ተጣልተው ቢሆን ኖሮ አንዱ ያሸንፍ ነበር፤ የአንዱም ጤፍ ይተርፍ ነበር።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ፣ ከኋላ ቆሞ መግባት ያቃተው ሰው የሚወረውራት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ገበያ ድረስ ወርዳለች። የጥንት አባቶች ቃል ናት እያለ የሚምልም ሰምቻለሁ። ይማል! ስትወለድ እኔ ነበርኩ፤ ጸጉሬም ገና ከዝናቡ አልደረቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ፈንታነሽ የአያ ጓዴን ልጅ ምናሉን ልታገባ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። አባቴና አያ ጓዴ ድሮም ጎረቤት ናቸው፣ ድሮም ይዋደዳሉ፤ ልጆቻቸው ከተጫጩ ወዲህ ግን መዋደዱ ሕመም ሆነባቸው። አባቴ አያ ጓዴን ከሩቅ ካየ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፤ አያ ጓዴ ደግሞ አባቴ ሲነሣ ካየ «ኧረ ተቀመጥ በሞቴ!» እያለ ይሮጣል። አንድ መሶብ ላይ ከተገናኙማ «ካልጎረስክ»፣ «አንተ ካልጎረስክ» ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል። እናቴ እንዲያውም ለሁለቱ ትኩስ ወጥ ማቅረብ ትታለች።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጤፋቸውን ጎን ለጎን ሊወቁ ተስማሙ። ቦታው ነፋስ በር ይባላል፤ ጉብታ ላይ ስለሆነ ነፋስ አያጣም፤ እብቅና ፍሬ ለመለየት ከዚያ የሚሻል የለም። ሁለት አውድማ በእበት ተለቀለቀ፤ በሬ ገባበት፤ ጤፉ ተወቃ፤ እብቁ ለነፋስ ተሰጠ። እኩለ ቀን ሲሆን ሁለት የነጭ ጤፍ ቁልል እንደ መንታ ልጆች ጎን ለጎን ቁጭ አለ። ያ ጤፍ የሠርጉ እንጀራ ነው። እኛ ሌላ ጤፍ የለንም፤ እነሱም የላቸውም። ወዲያው አስገብተን እንዳናርፍ ደግሞ ልማዱ ያዘን፤ በእኛ ዘንድ ምርት ሳይመረቅ ጆንያ ውስጥ አይገባም፣ ከአውድማም አይነሣም። መራቂው ቄስ ገና ታችኛው መንደር አውድማ ላይ ነበሩ።

እኔ ራዲዮ ያላት ስልክ አለችኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥዬ የቀረውን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ራዲዮ የሚለውን በደንብ እሰማለሁ፤ የሰማሁትንም ለራሴ አላስቀርም። ያን ቀን ረፋድ ላይ የአካባቢያችን ራዲዮ ዘፈን አቋርጦ፣ «ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ሰብል ያልሰበሰባችሁ አርሶ አደሮች ጥንቃቄ አድርጉ» አለ።

«አባባ፣ ዝናብ ይመጣል ተባለ» አልኩ።

«አፍሽን ያዢ!» አለ አባቴ ክው ብሎ። «አውድማ ላይ ቆመሽ እሱን ትጠሪዋለሽ?»

እውነቱን ነው። አውድማ ላይ ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም፤ በረከት ያሸሻል ይባላል።

«እሺ፣ ያ የማይጠራው ነገር ይመጣል ተባለ። ከነበረዶው።»

አያ ጓዴ ከት ብሎ ሣቀ። «አንቺ ልጅ፣ ያቺ ራዲዮ ባለፈው ሳምንትስ ስትዝት አልነበር? አባትሽ ጭዱን ሁሉ ተሸክሞ አስገባ። ፀሐይዋ ግን አናታችንን ስትጠብስ ዋለች።»

«አታስታውሰኝ፣ ወገቤን እስካሁን ያመኛል» አለ አባቴ።

«ራዲዮው እኮ ‹ሊጥል ይችላል› ነው ያለው» አልኩ።

«ሊጥል ይችላልማ እኔስ ማለት ያቅተኛል?» አለ አያ ጓዴ። «ይጥላል፤ ካልጣለም አይጥልም። በይ እኔንም ራዲዮ ውስጥ አስገቢኝ!»

አውድማው ዳር፣ ዋንዛው ጥላ ሥር፣ እማሆይ ይታይሽ ተቀምጠዋል። መነኩሲት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የእሳቸው ልጅ ነው፤ በየዓመቱ ምርት ሲነሣ ከየአውድማው አንድ አንድ ቁና ይሰጣቸዋል። የሚያደምጡ አይመስሉም፣ ግን ሁሉን ያደምጣሉ።

«ተዋት ትናገር» አሉ። «ጉልበቴ ከሌሊት ጀምሮ ሲነዝረኝ ነው ያደረው። የእሷ ራዲዮና የእኔ ጉልበት ዛሬ ቃላቸው አንድ ነው።»

«የእማሆይ ጉልበት ካለማ!» አለ አያ ጓዴ፤ ቀልዱን ግን አልጨረሰውም። ነፋሱ ቀጥ ብሎ ነበር። ነፋስ በር ላይ ነፋስ ሲቆም ሰው የመጨረሻ ቀልዱን ይውጣል። ዞር ብለን ስናይ ከተራራው ጀርባ እንደ ከሰል የጠቆረ ዳመና እየተንከባለለ ይመጣል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ መብረቅ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ምናሉ!» አሉ ሁለቱም ባንዴ። «ሩጥ! ከእድሩ ቤት ሸራውን!»

የእድራችንን ሸራ የማያውቃት የለም። አይጥ የበላት አሮጊት ናት፤ አንድ ቁልል ጤፍ ብትሸፍን ነው፣ እሱንም ጫፍ ጫፉን በድንጋይ አስይዘው። ምናሉ ሲመለስ ግን በናይሎን ገመድ የተጠፈረ ጥቅል ተሸክሟል፤ ወገቡ ጎብጧል።

«የእድሩ ዳኛ... አዲሱን ውሰድ አሉኝ» አለ እያለከለከ። «ገና አልተፈታም።»

ጥቅሉን በሁለቱ አውድማ መሐል ዱብ አደረገው። ያ ጎረምሳ ከብት የሚያህል ግንድ ሲሸከም እንዲያ ሲያለከልክ አይተነው አናውቅም፤ ለምን እንደከበደው የጠየቀ ግን የለም። ሁላችንም በልባችን የያዝነው ‹አንድ ሸራ፣ ሁለት ቁልል› የሚለውን ነበር።

«በል ቶሎ፣ ያንተን እንሸፍን» አለ አባቴ።

«የእኔን?» አያ ጓዴ የተሰደበ መሰለ። «ሴት ልጅ የሚድረው አንተ ሆነህ ሳለ?»

«ወንድ ልጅ የሚድር አይደግስም? ያንተ ድግስ ይበልጣል። ባይሆን የእኔ እንግዳ ቅርብ ነው፤ ቤቱ ሄዶ ይበላል!»

«በሞቴ አንለይ!»

«አፈር ስሆን ጓዴ!»

«ቅበረኝ!»

«አንተ ቅበረኝ!»

ማን ማንን እንደሚቀብር እንኳ መስማማት አቃታቸው። አባቴ ጥቅሉን በእግሩ ወደ አያ ጓዴ ቁልል ይገፋል፤ አያ ጓዴ በጉልበቱ ወደ እኛ ይመልሳል። ምናሉ የገመዱን ጫፍ ይዞ መሐል ቆሟል። ወደ አባቱ ቢወስደው ‹ገና ሳያገባ አማቱን ናቀ› ሊባል ነው፤ ወደ እኛ ቢወስደው ‹ገና ሳያገባ ለሚስቱ ቤት አደረ› ሊባል ነው። ፈንታነሽ ደግሞ አማቷ ፊት ቃል አትተነፍስም፤ ወጉ አይደለም። ነጠላዋን ነክሳ በዓይኗ እኔ ላይ ትጮኻለች።

«ዞር በሉ፣ እኔ ልፍታው!» ብዬ ገመዱ ላይ ዘለልኩ።

«አንቺ ተቀመጪ!» አሉኝ ሁለቱም እኩል። ከጠዋት ጀምሮ የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው።

አያ ጓዴም ነገሩን ለመቁረጥ ሄዶ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠበት። «ወደ እኔ ጤፍ የምትወስዱት ከሆነ ከነእኔ ተሸክማችሁ ነው!» አለ።

ሰማዩ ተሰነጠቀ። ጉብታው ከሥራችን ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ሰማህ?» አለ አባቴ። «ሰማዩም የጓዴን ሸፍኑ እያለ ነው።»

«እሱማ አንለይ ነው ያለው። ጆሮህ ደክሟል።»

«እናንተ ልጆች!» ብለው ጮኹ እማሆይ ከዋንዛው ሥር። «ዳመና ይሉኝታ የለውም!»

የመጀመሪያዋ ጠብታ አያ ጓዴ አናት ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ጠብታ አልነበረችም፤ ባቄላ የሚያህል በረዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ መቁጠር የለም። እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ እማሆይ ነው፤ ራዲዮው ዛፍ ሥር አትቁሙ ይላልና እየተቆጡኝ ጎትቼ አውጥቼ ቁርበት አለበስኳቸው። ምናሉ ገመዱን ሊፈታ ወደቀበት፤ ቋጠሮው ግን ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ጠብቋል።

ቀና ስል ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም። አባቴ ጋቢውን ገፎ የአያ ጓዴ ቁልል ላይ ዘርግቶ በደረቱ ተኝቶበታል። አያ ጓዴ ደግሞ ጋቢውን የእኛ ቁልል ላይ ጥሎ እጁን ዘርግቶ እንደ ጫጩት አቃፊ ዶሮ ተኝቶበታል። በረዶው ሁለቱንም ጀርባ ጀርባቸውን ይወግራቸዋል። እነሱም ከተኙበት፣ «ጓዴ፣ ተነሥና ተጠለል!»፣ «አንተ ተነሥ በሞቴ!» ይባባላሉ።

ጤፍ እንደ በቆሎ አይደለም፤ ውሃ ካገኘው አይጠብቅም። ከጎናቸው፣ ከእግራቸው፣ ከጋቢው ሥር እየተንሸራተተ ወጣ። ከሁለቱ አውድማ ሁለት ነጭ ጅረት ወረደ፤ ጉብታው ሥር ሲደርስም ተቀላቅሎ አንድ ሆነ። እኔና ፈንታነሽ በወንፊትም በቀሚሳችንም ብንከላከል ጭቃ ብቻ ቀረልን። የሁለቱ ቤት ጤፍ ሠርጉን ሳይጠብቅ ተጋብቶ ሄደ።

እንዲህ ያለ ዝናብ ሲመጣ እንደ ዘመቻ ነው፤ ሲሄድም እንደዚያው። ፀሐይ ምንም እንዳላየች ሆና ወጣች። ሁለቱ አባቶች ከተኙበት ተነሡ። አባቴ ከደረቱ ሥር ያተረፋትን አንዲት ቁና የማትሞላ ጤፍ አፍሶ ለአያ ጓዴ ሰጠው። አያ ጓዴም የእኛን አፍሶ ለአባቴ ሰጠው። «እንኳን ይህችም ተረፈችልህ» ተባባሉ።

ያን ሲያዩ የቆዩት የፈንታነሽ ዓይኖች እንባ ሞሉ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያ ጓዴ አያትና ልቡ ተሰበረ።

«አታልቅሺ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሽላ ሞልቶናል። የማሽላ እንጀራስ እንጀራ አይደለም?»

«ቶሎ ይደርቃል!» አለች ፈንታነሽ።

አማቷ ፊት የተነፈሰቻት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት። ራሷም ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያ ጓዴ ግን ፊቱ በራ፤ ጤፍ ያልጠፋበት ሰው መሰለ።

«እንግዲያ እንግዳው ቶሎ ቶሎ ይበላታ!» አለና ሣቀ። አባቴም ሣቀ፤ ምናሉም ሣቀ፤ እኔ ብቻ አልሣቅኩም፤ «ተናግሬ ነበር» የምልበትን ቀዳዳ እየፈለግኩ ነበርና። አላገኘሁም። በኋላ ስልኬን ሳወጣ እሷም ውሃ ገብቶባት ተነፋፍታለች።

የእድር ዕቃ እርጥቡን አይመለስም። ስለዚህ ምናሉ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታና ሸራውን ሊያሰጣ መዘርጋት ጀመረ። አንዴ ሲተረትረው የእኛን አውድማ ሸፈነ። ጥቅሉ ግን አላለቀም። ደግሞ ሲተረትረው የአያ ጓዴን አውድማ ሸፈነ። ጥቅሉ አሁንም አላለቀም። ምናሉ ቀና ብሎ አባቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያም ጥቅሉን ወደፊት ይገፋ ጀመር። ሸራው ዋንዛውን አልፎ፣ የእማሆይን መቀመጫ አልፎ፣ በሬዎቹ እስከታሰሩበት ድረስ ሄደ። ለካ እድሩ አሮጊቷን ሸራ ጥሎ፣ መንደሩን ሁሉ ለሠርግም ለለቅሶም የሚያስጠልል አዲስ የዳስ ሸራ አምጥቶ ነበር። ሁለቱ ቁልል ከነባለቤቶቻቸው፣ ከነበሬዎቻቸው፣ ከነእማሆይ ከሥሩ ይገቡ ነበር፤ ቦታም ይተርፍ ነበር።

ከዋንዛው ቅጠል ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። አባቴ አንዱን ጫፍ አነሣና፣ «ጓዴ፣ እስቲ ያን ጫፍ ያዝና እናስጣው» አለ።

«ኧረ አንተ ቀድመህ ያዝ» አለ አያ ጓዴ።

እማሆይ ይታይሽ ከነቁርበታቸው ብድግ አሉ፤ በዚያ ዓመት ያላገኙትን የሁለት አውድማ ቁና በዓይናቸው ከጉብታው ሥር ወዳለው ወንዝ ሸኙ፤ መቋሚያቸውንም አንሥተው ሁለቱን አባቶች ተራ በተራ ትከሻ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ሣቅና እንባ በተቀላቀለበት ድምፅ እንዲህ አሏቸው፦ «ሁለት ጨዋ ሲግደረደር፣ ዝናብ ጠግቦ ያድር።»