ለሠርግ ዘፋኟ የተገኘው ማይክ

አንዲት የሠርግ ዘፋኝ ነበረች። ውድነሽ፣ ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ቢልኩብሽ «የቱን እሺ ልበል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የእሷን ነገር ልንገርሽ።

ይህች ሴት ከድንኳን ድንኳን እየዞረች የሰው ዘፈን ስትዘፍን ኖራ በመጨረሻ የራሷን አንድ ዘፈን ሠራች። ልታስቀርጸው ስቱዲዮ ገባች። የተያዘላት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ይገባል።

አብሯት የሄደው ወንድሟ ገና ከበሩ «ትልቁ ማይክ ይሁንላት፣ ስመ ጥሮቹ የሚዘፍኑበት» አለ። የቀረጻ ባለሙያውም አልተቃወመም፤ ማይኩ በእርግጥ ጥሩ ነበር። በቋሚው ላይ ተሰቀለ፣ ፊቱ ላይ ትንፋሽ የሚያስቀር ስስ መከለያ ተደረገለት። እሷም ራቅ ብላ እንድትቆም፣ እንዳትነካው፣ እንዳትነቃነቅ ተነገራት።

ዘፈነች። ማይኩ ሁሉንም ሰማ። ምራቋን ስትውጥ ሰማ፣ ቀሚሷ ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ ከፍ ስትል ድምፅዋ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። ደግማ ስትሞክር ፈራችና ቀነሰችው፤ አሁን ደግሞ ነፍስ አጣ። የሠርግ ዘፋኝ ማይኩን በእጇ ይዛ፣ ድምፅዋ ሲጨምር እያራቀች፣ ሲቀንስ ወደ ከንፈሯ እያስጠጋች ነው የምትዘፍነው። እጇ ባዶ ሲሆን የምታደርገው ጠፋት።

ወንድሟ ከመስታወቱ ማዶ «ምን ሆነሻል? ቁርባን ልትቀበይ የቆምሽ እኮ ነው የምትመስይው!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «እንሂድ በቃ» አለች። «ለድንኳን እንጂ ለዚህ አልተፈጠርኩም። ዘፈኑም ይቅር።»

ባለሙያው ግን እጇን ያይ ነበር። ቀኝ እጇ ባዶውን ጨብጦ ከፍ ዝቅ ይላል። ተነሥቶ ትልቁን ማይክ አወረደው፤ ከመሳቢያ አናቱ የተጨረመተ ተራ የእጅ ማይክ አውጥቶ ሰካና ሰጣት።

«ይኼማ የሰፈራችን እድርም አለው!» አለ ወንድሟ።

«አንተ አይደለህም የምትዘፍነው፤ ተወኝማ» አለው ባለሙያው።

ያዘችው። ትከሻዋ ወረደ። ዐይኗን ጨፍና ጀመረች፤ እጇም እንደ ልማዱ ሲያርቅ ሲያቀርብ፣ ከፍ ያለው ሳይጮህ ዝቅ ያለው ሳይጠፋ ዘፈኑ ከዳር ዳር ወጣ። ባለሙያው «በቃ፣ ይኼ ነው» ሲል እሷ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ «እፎይ! ድምፄ የጠፋ መስሎኝ ነበር እኮ» አለችና ሳቀች።

ትልቁ ማይክ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ውድነሽ። የሚስማማው ሌላ ድምፅ አለ። አንቺም ያኛው ምን እንዳለው፣ ይኼኛው ምን እንደጎደለው ስትነግሪኝ ቆየሽ፤ ስለ ራስሽ ግን አንድም ቃል አላልሽኝም። ማይክ የሚመረጠው በዘፋኟ ልክ ነው፤ ባልም እንደዚያው ነው። እስቲ አስቢው፦ ምራቅሽን ስትውጪ እንኳ እንዳይሰማብሽ የምትጠነቀቂው ከማንኛው ጋር ነው? ከማንኛውስ ጋር ነው እንደ ልብሽ የምታወሪው፣ ተሳስተሽም የምትስቂው?

ይኸው፣ ፊትሽ ፈካ አለ። ለእኔ አትንገሪኝ፤ ተነሽና የመጣልሽን ስም ለእናትሽ ንገሪያት።