የዳለቻ በግ መሐላ

ተረት ተረት! የላም በረት አትበሉኝ፤ የዛሬው የበግ በረት ነው።

ዳለቻ የሚባል ሆዳም በግ ነበረላችሁ። አንድ ቀን ገዢ መጥቶ የጓደኛውን ጀርባ ዳበስ አደረገና «ይኼስ ለበዓል ይሆናል!» ብሎ ጎትቶ ሲወስደው አየ። የበግ ገዢ ዓይኑ እጁ ላይ ነው፣ ልጆቼ። ዳለቻም ደንግጦ «የገና በዓል እስኪያልፍ ከገለባ በቀር ብቀምስ በግ አይደለሁም!» ብሎ ማለ።

እውነትም ከሳ። የመጣው ገዢ ሁሉ አጥንቱን ዳስሶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ያልፈው ጀመር። ይኼኔ ደግሞ ኩራቱ!

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቲቱ ጠላ ጠመቀች፤ አተላው በገበቴ ቀረበለት። «ለሽታው ያህል» አለና አፉን ነከረ። በማግስቱ ፉርሽካ ቢመጣለት «ከነገ ጀምሬ እተዋለሁ» አለ። አይ ሆዳም! ነገ መቼ ይጠፋበታል?

በረቱን የምትጋራው አንዲት ምላሰኛ ፍየል ከአጥሩ ቅጠል እየቀነጠበች፣ «አንተ፣ መሐላህ የት ገባ? ከአተላው ጋር ዋጥከው እንዴ?» አለችው።

«ተይኝ እቴ! በዓል እኮ በዓመት አንዴ ነው» አላት፣ አፉን ከገበቴው ሳያነሣ።

«ላንተማ በዕድሜህም አንዴ ነው» ብላው ወደ ቅጠሏ ዞረች።

በዋዜማው ገዢ መጣ። ዳለቻ ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ምን ዋጋ አለው? ሰውየው የሚዳስሰው ጀርባውን! እጁን ጫን አደረገና ፈገግ አለ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ ከሥጋውም ቀስ ብላችሁ ቅመሱ።