የሰኞ ማለዳዋ የውሃ ሌባ

አንድ ቦይ ነበረ። ከወንዝ ተጠልፎ ቁልቁል ይወርድና አሥራ ሁለት ማሳ በተራ ያጠጣል። ታሪኩን ያጫወተኝ ሰው ቦዩ በየትኛው አገር እንዳለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጨርሶ ሲያበቃ ግን ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሳልሰማ እንዴት ኖርኩ!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ ስላልቻልኩ እናንተም ስሙት።

የመንደሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። በበጋ ወራት እያንዳንዱ ማሳ በሳምንት ግማሽ ቀን ውሃ አለው። ከሁሉ በላይ ያለው ገበሬ ሰኞ ጧት ይጀምራል፤ ቀትር ሲሆን የራሱን የቦይ አፍ በጭቃ ደፍኖ ውሃውን ለታችኛው ጎረቤቱ ይለቃል። ተራው እንዲህ እየወረደ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ማሳ ላይ ይደርሳል። እሑድ የከብቶች ነው፣ ማንም አይነካውም። ተራ የሚያስከብር ሰው በጉባኤ ይመረጣል፤ «የውሃ አባት» ይባላል። ያለ ተራው ውሃ የወሰደ ሰው ደግሞ ሌባ ነው። የሌባ የቦይ አፍ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል፤ በላዩም እሾህ ይቆለልበታል። ክረምት እስኪገባ ድረስ ያን እሾህ የሚያነሳ የለም።

በዚያ ዘመን የውሃ አባቱ አያ ስንሻው ነበር፤ የመጀመሪያው ማሳም የእሱ ነው። የመጨረሻው ማሳ ባለቤት እንጉዳይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እንጉዳይ በዚህች ምድር ላይ ያላት ያ ማሳና በላዩ የዘራችው ቀይ ሽንኩርት ብቻ ነው። ሽንኩርቱ ከደረሰላት ዓመቱን በራሷ ቤት ትበላለች። ከደረቀባት ግን መሬቱን ለሰው ሰጥታ ሰው ቤት ማገልገል ነው ዕጣዋ።

አንድ ሰኞ ማለዳ አያ ስንሻው አካፋውን ተሸክሞ ወደ ማሳው ወጣ። ዓይኑን ማመን አቃተው! የቦዩ አፍ በእርጥብ ጭቃ ድፍን ብሏል። ውሃው የእሱን ማሳ ዘሎ ቁልቁል ይሮጣል። አያ ስንሻውም ከውሃው ጋር እየሮጠ ወረደ፤ አሥሩን ማሳ አልፎ ከመጨረሻው ሲደርስ እንጉዳይ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ ከሽንኩርቱ መሀል ቆማለች።

«ሌባ!» ብሎ አገሩን በጩኸት አናጋው። «ኧረ ያገር ያለህ! ሌባ ያዝኩ!»

በማግስቱ ጧት አሥራ አንዱ አባወራዎች በቦዩ ዳር ተሰበሰቡ። ከሌላ ወረዳ በፍርዱ የታወቀ አንድ ሽማግሌ ዳኛ አስመጡ። ድንጋዩ ተከምሯል፣ ጭቃው ተቦክቷል፣ እሾሁ ተቆርጦ ቀርቧል። የቀረው የዳኛው ቃል ብቻ ነበር።

«ክሱ ምንድን ነው?» አለ ዳኛው።

«ስርቆት!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«እኔ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም። ስርቆት የምትሉት ምኑን ነው?»

ጥቂቶቹ በጋቢያቸው ስር ሳቁ። ስርቆትን የማያውቅ ዳኛ! አያ ስንሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «የሌላን ሰው የውሃ ሰዓት መውሰድ ነው፣ ጌታዬ። ብዙም ይሁን ትንሽ።»

«ትንሽም ቢሆን?»

«ጠብታም ብትሆን!»

«በዚህ ሁላችሁም ትስማማላችሁ?»

«እንስማማለን!» እጁን ያላወጣ አልነበረም። እንዲያውም ቢተው የሚባለው፣ የእንጉዳይ የላይኛው ጎረቤት፣ ሁለቱንም እጆቹን አወጣ።

ዳኛው ወደ እንጉዳይ ዞረ። «ልጄ፣ ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ፣ አባቴ።» አልካደችም።

«ለምን?»

«ቅዳሜ አልደረሰኝማ! ተራዬ ከቀትር ጀምሮ ነው፤ ውሃው የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አንድ መደብ እንኳ ሳላጠጣ መሸብኝ። ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ። ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርቴ ዓይኔ እያየ ሲጠወልግ ምን ላድርግ?»

«ለውሃ አባት አልተናገርሽም?»

«ሦስት ጊዜ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ‹እስቲ ታገሺ› አሉኝ።»

ዳኛው ወደ ሰዎቹ ዞረ። ከዚያም ቢተውን ጠራው። «ከእሷ በላይ ያለኸው አንተ ነህ። ቅዳሜ ቀትር ሲሆን ለምን አልደፈንክም?»

ቢተው እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። «ጌታዬ፣ ለእኔም ዘግይቶ ነው የመጣልኝ። ደግሞ አንዲት መደብ ስለቀረችኝ ትንሽ... አስረዘምኩ።»

«አስረዘምክ» አለ ዳኛው።

ከቢተው በላይ ያለው ተጠራ። እሱ እንኳ አላስረዘመም፤ ለመድፈኛ የሚሆን ጭቃ እስኪያገኝ ቆየ እንጂ። ከእሱ በላይ ያለው ምሳ ሊበላ ሄዶ ዘነጋ። ከዚያ በላይ ያለው «ተዋስኩ» አለ፤ መቼ እንደሚመልስ ግን ጠያቂም አልነበረውም። አንዱ ውሃው ራሱ አልቆም ብሎት ነው። ሌላው በላይኛው ጎረቤቱ ሲያመካኝ ጎረቤቱ «እኔን ለምን ታነሳለህ!» ብሎ ዱላውን አነሳ፤ በመከራ ገላገሏቸው።

አቤት የስሙ ብዛት! አስረዘምኩ፣ ቆየሁ፣ ዘነጋሁ፣ ተዋስኩ፣ አዳረስኩ! ለአንድ ነገር አሥር ሰው አሥር ስም አወጣለት። ትናንት ለእንጉዳይ በጩኸት የሰጧትን ያችን አጭር ቃል ግን በጣቱ የነካት አንድም አልተገኘም። እኔ ይህን ስሰማ በሳቅ ልፈነዳ ደርሼ ነበር፤ ኋላ ግን የራሴን ስሞች መቁጠር ጀመርኩና ሳቁ ከአፌ ላይ ደረቀ።

በመጨረሻ አያ ስንሻው ቀረበ።

«አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለው ዳኛው። «ሰኞ ቀትር ላይ ትደፍናለህ?»

«እኔማ የውሃ አባት ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቦይ ለቦይ ስዞር ነው የምውለው። ለድካሜ ትንሽ ብጨምር ማን ይከፋዋል?»

ዳኛው በበትሩ የእንጉዳይን ማሳ አሳየው። ከሩቅ እንኳ የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አያ ስንሻው አየና አንገቱን ደፋ።

«እሾሁን አንሱ!» አለ ዳኛው።

ሰዎቹ ተሻምተው አነሱና ወደ እንጉዳይ የቦይ አፍ ሮጡ።

«ወዴት? ወደ ላይ እንጂ! ከመጀመሪያው ማሳ ጀምራችሁ አሥራ አንዱንም ድፈኑ!»

ያኔ የተነሳውን ጫጫታ አትጠይቁኝ። «አገር ምድሩ ሌባ ሊባል ነው?» ይላል አንዱ። «እንዲህ ያለ ፍርድ ተሰምቶም አያውቅ!» ይላል ሌላው።

«ትርጉሙን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለ ዳኛው። «ጠብታም ብትሆን ብላችሁ እጅ አወጣችሁ። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቅጣቱን ግን አቀልላችኋለሁ፤ እስከ ክረምት ሳይሆን እስከ ቅዳሜ ይሁን።»

«እሷስ?» ብሎ ጮኸ ቢተው። «እሷም በአፏ አምናለች!»

«አዎን፣ ሰርቃለች። ነገር ግን የቦይ አፏ ሦስት ሳምንት ደርቆ ከርሟል። ይህች ሴት ቅጣቷን ከጥፋቷ በፊት ጨርሳለች።»

ምን ይበሉ? ወጥተው አሥራ አንዱንም ደፈኑ። ድንጋዩ ሲያልቅ ከአጥራቸው ነቀሉ፤ እሾሁ ሲያልቅ ሌላ ቆረጡ። የመጨረሻው አፍ እንደተደፈነ ውሃው መጣ! ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ እየተገማሸረ፣ ቅጠሉን እየገፋ መጣ! እንጉዳይ ያን ያህል ውሃ ማሳዋ ላይ አይታ አታውቅም። እልል አለች። እያለቀሰች ከመደብ መደብ እየሮጠች በአካፋ መራችው። ሌሎቹ አኩርፈው ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ እስከ ቅዳሜ እያዩዋት ሊቀመጡ ነው።

ግማሽ ቀን ሲሞላ ግን እንጉዳይ አካፋዋን አነሳችና የራሷን የቦይ አፍ ደፈነች።

ውሃው የሚገባበት አጣና ወደ ገደሉ መፍሰስ ጀመረ። ሁሉም ከተቀመጡበት ዘለው ተነሱ። «ኧረ ምን ሆንሽ! ውሃው ገደል ገባ እኮ!» አሏት። «እስከ ቅዳሜ ያንቺ ነው ተብሎ የለም እንዴ?»

እንጉዳይ ወደ ዳኛው ተመለከተች። «አባቴ፣ የእኔ ግማሽ ቀን ነው። እሱም ሞላ። ከዚህ በላይ ባቆየው ስሙ ምን ይባላል?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቢተው ማሳ ወጣችና ከቦዩ አፍ ላይ እሾሁን በባዶ እጇ ትነቅል ጀመር። ጣቶቿ ሲደሙ ያየው ቢተው «ኧረ ተይ፣ ኧረ ስለ እግዜር ተይ!» እያለ ሮጦ ደረሰና አብሯት ነቀለ። ዳኛውም በትሩን ጥሎ እጁን ሰደደ። በዚያ ቀን የቢተው ማሳ የጠጣው እንዲህ ነው፤ ከታች ወደ ላይ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቦይ ተራ ከታች ነው የሚጀምረው፤ የመጨረሻው ተራ የውሃ አባቱ ሆኗል። የሌላው ሰው ሰዓት ካልተከበረ የእሱ ማሳ አይጠጣም። አያ ስንሻው እንዴት ያለ ንቁ ጠባቂ እንደወጣው ብታዩ! ቀትር ሳይሞላ ከየማሳው ጫፍ ቆሞ «ድፈን! ድፈን!» ይላል አሉ።

ወዳጆቼ፣ እኛ ሌባ ስንል ቶሎ የሚመጣብን በታክሲ ውስጥ ኪስ የሚገባው ነው። እሱስ ሌባ ነው፣ ማን ይክዳል! ነገር ግን አሥር ሰው ቀጥሮ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣው፣ «የሐበሻ ቀጠሮ» ብሎ ስቆ የሚቀመጠው ምን ወሰደ? ባለጉዳይ በር ላይ አቁሞ ወሬውን የሚጨርሰውስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። በዚያ ቦይ ላይ ግን አሥራ አንዱ አንዳንድ ሎሚ እየጣሉ ሲሄዱ፣ ሁሉንም ያሸከሙት አንዲትን ሴት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ስርቆትም እንዲሁ፣ ለስላሳ ስም ስናወጣለት እየሳቅን ይወስደናል። ነገሩን በእውነተኛ ስሙ የጠራ ሰው እንደ እንጉዳይ እጁን መመለስ ይችላል።

ለራሴ ጠይቄው እንቅልፍ የነሳኝን ጥያቄ ለእናንተም ላቀብላችሁ። ከእናንተ በታች በቦዩ መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ማን ነው? ውሃውስ ደርሶታል?